የአያቶቻችን ንቅሳት ዕድሜ ልክ፣ የኛ ቅንድብ ሁለት ዓመት፦ ፐርማነንት ሜካፕ እንዲቆይ ምን እናድርግ?

ጎንደር ይሁን ጎጃም፣ ወሎ ይሁን ትግራይ፣ አንገታቸውን መስመር በመስመር የተነቀሱ እናት ያላየ ሰው ጥቂት ነው። በልጅነታቸው የተነቀሱት በስተርጅናም እዚያው አለ። ጠርዙ ትንሽ ተድበስብሶ፣ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ አድልቶ ይሆናል እንጂ አልጠፋም። ክሬም አልተቀባለትም፣ "ታች አፕ" (ተመልሶ ቀለም መሙላት) አልተደረገለትም። የልጅ ልጃቸው ደግሞ ሳሎን ገብታ፣ ደህና ብር ከስክሳ የተሠራችው ፐርማነንት ሜካፕ፣ በመርፌ ቆዳ ውስጥ የሚገባው የቅንድብ ቀለም፣ በዓመት ከመንፈቁ ይገረጣል። መስታወት ፊት ቆማ "ተበላሁ እንዴ?" ትላለች።

ብዙውን ጊዜ አልተበላችም። ሁለቱም ቆዳ ውስጥ የገባ ቀለም ናቸው፤ አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው። ቅንድቡ የሚደበዝዘው እንዲደበዝዝ ተደርጎ ስለተሠራ ነው። የኛ ድርሻ መደብዘዙን ማዘግየት፣ ሲደበዝዝም ቀስ ብሎና ሳያስጠላ እንዲሆን ማድረግ ነው። ይህ ካልገባን በየሳሎኑ የሚሰጠው "አድርጊ፣ አታድርጊ" እርስ በርሱ የተጣላ የምክር ክምር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ቆዳው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ እንይ።

ቀለሙ የት ነው የሚቀመጠው?

ቆዳችን ሁለት ዋና ዋና ንብርብሮች አሉት። የላይኛው ሁሌም በእድሳት ላይ ነው። ከሥር አዲስ ሴል ይፈጠራል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይሞታል፣ ይረግፋል። ለወጣት ሰው ይህ ዙር አንድ ወር ገደማ ይፈጃል፤ ዕድሜ ሲገፋ ይዘገያል። እዚህ ንብርብር ላይ የቀረ ቀለም ከሞተው ቆዳ ጋር ተራግፎ ይሄዳል። ሂና ከእጅ ላይ በጥቂት ሳምንት የሚጠፋውም ከላይ ከላይ ያለውን ቆዳ ብቻ ስለሚያቀልም ነው።

የታችኛው ንብርብር ግን እንዲህ አይረግፍም። ደም ሥሩ፣ ነርቩ፣ ኮላጅን የሚባለው ጠንካራ ክር ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ቀለም እዚህ ሲገባ ሰውነት "ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?" ብሎ የመከላከያ ሴሎቹን ይልካል። ማክሮፋጅ ይባላሉ። ባዕድ ነገር ውጦ መፍጨት ሥራቸው ነው። ቀለሙን ይውጡታል፤ መፍጨት ግን ያቅታቸዋል። እንደያዙት ይቀመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ፈረንሳይ ውስጥ ማርሴይ ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት ቀጥሎ የሚሆነውን አሳይተዋል። ቀለሙን የያዘው ሴል ሲሞት ቀለሙ ይለቀቃል፤ ወዲያው አጠገቡ ያለ ሌላ ሴል ይውጠዋል። ቁልፍ እንደሚረካከቡ ተረኛ ዘበኞች እየተቀባበሉ ዓመታት ይዘልቃሉ። ደቃቅ የሆኑት ቅንጣቶች ግን በሊምፍ ፈሳሽ እየተወሰዱ ቀስ በቀስ ይቀንሳሉ።

የባህላዊው ንቅሳት ቀለም በአብዛኛው ጥላሸት ነው። ጥላሸት ማለት ካርቦን ነው፣ ካርቦንን ደግሞ ፀሐይ በቀላሉ አትደፍረውም። መርፌውም ወይም እሾሁም ጠለቅ ብሎ ነው የሚወጋው። የቅንድብ ባለሙያዋ ግን ሆን ብላ ከላይ ከላይ ትሠራለች። መርፌዋ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ገብቶ የታችኛው ንብርብር አናት ላይ ይቆማል። ጠልቆ ቢገባ መስመሩ ይፈሳል፣ ጠባሳ ሊተው ይችላል፣ ጥቁሩ ቀለምም ከላይ ሲታይ ሰማያዊ ይመስላል። በእናቶቻችን አንገት ላይ የምናየው ሰማያዊነት ብዙውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ቀለሙ ጥቁር ነው፣ የሚታየን ግን በቆዳ ውስጥ አልፎ ነው።

ፊቷ ላይ ሰማያዊ ቅንድብ የምትፈልግ ያለች አይመስለኝም። ደግሞም ፊት ይለወጣል። በ25 ዓመት ልክ የነበረ ቅንድብ በ50 ዓመት ቆዳው ሲላላ ቦታውን ይስታል። ፋሽኑም አያርፍም። ስንቶቻችን ነን በክር የቀጠነ ቅንድብ ዘመናዊነት የነበረበትን ጊዜ የምናስታውሰው? ያኔ የማይለቅ ቀለም ተነቅሰን ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጉድ ነበር።

በጥሩ እጅ ተሠርቶ በወግ ከተያዘ፣ ፀጉር በሚመስል ቀጭን መስመር የሚሠራው ማይክሮብሌዲንግ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል። በማሽን የሚነጠበው ፓውደር ወይም ኦምብሬ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይሄዳል። ከንፈርም ወደዚያው ነው። የዓይን መስመር ደግሞ ቀለሙ ብዙውን ጊዜ ካርቦን ስለሆነ ከሁሉም ይበልጥ ይዘልቃል። ቆዳዋ ወዛም የሆነች ሴት ከቁጥሮቹ ዝቅተኛውን ብትይዝ ይሻላል። እንደውም ለወዛም ቆዳ ፀጉር መሰሉን መስመር ባልመክር ደስ ይለኛል። በጥቂት ወራት መስመሮቹ ተያይዘው ደብዛዛ ጥላ ይሆናሉ። ከመጀመሪያው በማሽን ጥላ ማሠራት የተሻለ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ሁለት ዓመቱ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ትኩሱ ቅንድብ ቁስል ነው። ቁስሉ በደንብ ከዳነ ቀለሙ እኩል ይቀመጣል። ቅርፊቱ ከተቦጨቀ ቀለሙም አብሮ ይወጣና እዚያው ላይ ራሰ በራ ነጥብ ይቀራል።

የመጀመሪያው ቀን ቅንድቡ ካሰባችሁት በላይ ይጠቁራል፣ ይወፍራል። እናት "ምን ሆነሻል ልጄ?" የምትልበት ቀን ነው። ትንሽ እብጠትና መቅላት ይኖራል፤ እንደ ውሃ ያለ ቢጫማ ፈሳሽም ይወጣል። በዚያ ቀን ትልቁ ሥራ ይህን ፈሳሽ በንጹሕ ጨርቅ ወይም ጋዝ ተጫን አድርጎ ማንሳት ነው። ማሸት የለም። ፈሳሹ እዚያው ከደረቀ ወፍራም ቅርፊት ይሠራል፣ ወፍራም ቅርፊት ደግሞ ሲወድቅ ቀለሙን ነቅሎ ይሄዳል።

ከአራተኛው ቀን ገደማ ጀምሮ መላጥ ይመጣል። ጠዋት ስትነሱ ትራሱ ላይ ቡናማ ፍርፋሪ ታገኛላችሁ። የቅርፊቱ ጫፍ ተነስቶ ይንጠለጠላል፤ ያሳክካል፤ ጣት በራሱ ወደዚያው ይሄዳል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ያልለቀቀውን አትንኩት። ማሳከኩ ካስቸገረ ከቅንድቡ በላይ ግንባሩን በጣት መታ መታ አድርጉ፣ ቅንድቡን ራሱን ግን ተዉት።

በሁለተኛው ሳምንት ቅርፊቱ ይራገፍና ቅንድቡ የጠፋ ይመስላል። ባለሙያዋ ስልክ የሚበዛባት በዚህ ሳምንት ነው። አልጠፋም። ከላይ የበቀለው አዲስ ቆዳ ገና ወፍራምና ብዥ ያለ ስለሆነ ቀለሙን ሸፍኖት ነው። እየጠራ ሲሄድ፣ በአራተኛው ሳምንት አካባቢ፣ ትክክለኛው ቀለም ብቅ ይላል። ውጤቱን መመዘን ያለባችሁ ያኔ ነው። "ታች አፕ" ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ የሚደረገውም ለዚህ ነው። እሱ ደግሞ ተጨማሪ ሽያጭ ሳይሆን የመጀመሪያው ሥራ ሁለተኛ ግማሽ ነው። ዋጋ ስትነጋገሩ አብሮ ይካተት እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ተጣላው ምክር። አንዷ ባለሙያ "ለሳምንት ውሃ አታስነኪ፣ ምንም አትቀቢ" ትላለች። ሌላዋ "በቀን ሁለቴ ታጠቢ፣ ቅባት ቀቢ" ትላለች። የሁለቱም ግብ አንድ ነው፦ ወፍራም ቅርፊት እንዳይፈጠር። ሁለቱም ሊሠሩ ይችላሉ። የማይሠራው ማደባለቁ ነው። የጓደኛችሁን ባለሙያ ምክር ከራሳችሁ ባለሙያ ምክር ጋር አትቀይጡ፤ ምን ያህል ጠልቃ እንደወጋች የምታውቀው የሠራችላችሁ እሷ ናት። ቅባት ከታዘዘላችሁ ለሁለቱም ቅንድብ የሩዝ ፍሬ የምታክል ትበቃለች። ቫዝሊን ድብን አድርጎ መለጠፍ ግን ቅርፊቱን ያረጥበዋል፣ ያላልቀዋል፣ ያለ ጊዜው ያወርደዋል።

በየበይነ መረቡ የሚገኘው የእንክብካቤ ዝርዝር የኛን ቤት አያውቀውም። ስለዚህ እሱ የማይነግራችሁን ልጨምር።

እንጀራ መጋገር አንዱ ነው። አክንባሎው ሲነሳ የሚወጣው እንፋሎት ቀጥታ የሚያርፈው ፊት ላይ ነው። በጋገራችሁ ቁጥር ትኩስ ቁስል በእንፋሎት ታጠነ ማለት ነው። ለ10 ቀን ሌላ ሰው ይጋግር፤ ካልሆነም ከሱቅ ግዙ። በዚሁ ሂሳብ ወይባ፣ ሳውና፣ ስቲም፣ ላብ የሚያስጠምቅ ጂም ሁሉ ይቆያሉ። ላብ ጨዋማ ነው፤ ቁስሉን ያረጥበዋል፣ ያሳክከዋል።

ፀጉር ላይ የሚቀባ ቅቤ ሌላው ነው። ቅቤ ተቀብታ ተጠቅልላ የተቀመጠች ሴት አስቡ። ሙቀት ሲነካው ይቀልጥና በግንባር ወርዶ ቅንድብ ላይ ያርፋል። ለፀጉሩ ግሩም ነው። ላልዳነ ቁስል ግን ንጽሕናው ያልተረጋገጠ ቅባት ነው። ሁለት ሳምንት አዘግዩት።

ጸበል ለመሄድ ያሰበች ከሆነም ቅንድቡ ከዳነ በኋላ ብታደርገው ወይም ቀጠሮዋን ከጸበሉ በኋላ ብታዞር ይሻላል። ፊት ላይ በኃይል የሚወርድ ውሃ ቅርፊት አይምርም። ለሙስሊም እህቶች ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ አለ። ውሃው በቀስታ ይንካ፣ እጅ አይሸው፣ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ተጫን ተጫን ተደርጎ ይድረቅ። ለባለሙያዋም ቀድሞ ይነገራት፤ "ውሃ አታስነኪ" የሚለውን መንገድ ለእናንተ አትመርጠውም።

ቁስል ላይ ሬት ቆርጦ መቀባት፣ ማር፣ ከቤት የተገኘ ቴትራሳይክሊን፣ እነዚህን ተዉ። ሬቱ ከጓሮ የመጣ ነው፣ ንጹሕ አይደለም። መድኃኒቱም ያለ ትእዛዝ አይቀባም። መቅላቱ ከቀን ወደ ቀን እየሰፋ፣ እየሞቀ፣ እየጠዘጠዘ ከሄደ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካመጣ ወደ ሳሎን ሳይሆን ወደ ሐኪም ነው። የተመረቀዘ ቦታ ላይ ቀለም አይቆይም፤ ቢቆይም ተቆራርጦ ነው። መርፌው በፊታችሁ ከታሸገ ፓኬት ሲወጣ ካላያችሁ ደግሞ ከወንበሩ ተነሱ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አይሠራም፤ ሄፓታይተስ ቢም ሆነ ኤችአይቪ በመርፌ ይተላለፋሉ።

ከንፈር የራሱ ጣጣ አለው። ከዚህ ቀደም ምች ወጥቶባችሁ የሚያውቅ ከሆነ፣ ያ ከንፈር ላይ ውሃ የቋጠረው ቁስል ማለቴ ነው፣ ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተኝቷል ማለት ነው። መርፌው ሊቀሰቅሰው ይችላል። ትኩሱ ከንፈር ላይ ምች ከወጣ ሕመሙ አንድ ነገር ነው፣ ቀለሙ ደግሞ በወጣበት ቦታ ሁሉ ይሄዳል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከቀጠሮው ቀናት በፊት ሐኪም አማክሮ እንደ አሲክሎቪር ያለ መድኃኒት መጀመር። ዳማከሴ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ፀሐይ

ቅንድቡ ድኗል። ከዚህ በኋላ ያለው ትልቁ ጠላት አናታችን ላይ ነው።

የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ቀለሙን ይሰባብረዋል። ሁሉንም እኩል አይደለም። እንደ ካርቦንና የብረት ኦክሳይድ ያሉት ይበረታሉ፤ ቢጫና ቀይ የሆኑ ብዙ ሰው ሠራሽ ቀለሞች ቀድመው ይሸነፋሉ። ቅንድብ ቡናማ የሚሆነው በቅይጥ ነው፤ ከቅይጡ አንዱ ቀድሞ ሲሄድ የተቀረው ብቻውን አፍጥጦ ይወጣል። ግራጫ ቅንድብ፣ ብርቱካናማ ቅንድብ የሚባሉት ታሪካቸው ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩን 10 በመቶ ገደማ ይጨምረዋል። ለምድር ወገብ ቅርብ መሆናችን ሲታከልበት የቀትር ፀሐያችን በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ እጅግ ከፍተኛ ከሚባለው፣ ማለትም 11 እና ከዚያ በላይ፣ የሚደርስበት ጊዜ ብዙ ነው። የሚያታልለን ብርዱ ነው። ሹራብ ለብሰን ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን "ዛሬ እንኳ ፀሐይ የለም" እንላለን። ሙቀትና ጨረር ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ቢያንስ ሙቀቱ ወደ ጥላ ያባርራችኋል፤ እኛን የሚያባርረን የለም።

ስለዚህ ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ እስኪራገፍ ድረስ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት። ትኩስ ቁስል ላይ ሰንስክሪን አይቀባም። ብዙ ሴቶች ፊታቸውን ሙሉ ይቀቡና ቅንድባቸውን ይዘላሉ፤ ነጭ ነጭ ብሎ ፀጉሩ መሃል ስለሚቀር ነው። እውነት አላቸው፣ በጠይም ፊት ላይ ያስጠላል። በዱላ መልክ የሚሸጠው ወይም እንደ ጄል ግልጽ የሆነው ይህ ችግር የለበትም። ከንፈር ለተሠራች ደግሞ ሰንስክሪን ያለበት የከንፈር ቅባት አለ። በልታ በጠጣች ቁጥር መደገም አለበት። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለዚህ አውሉት። ሳሎኖች "የቀለም ማቆያ" እያሉ የሚሸጧቸው ቅባቶች አብዛኞቹ ተራ ማለስለሻ ናቸው።

መታጠቢያ ቤታችሁ ውስጥ ያለው

ቀጥሎ የሚመጣው የራሳችሁ ክሬም ነው። የላይኛውን ቆዳ ቶሎ እንዲታደስ የሚያደርግ ማንኛውም ነገር ቅንድቡን ያፈዝዘዋል። ሬቲኖል፣ ትሬቲኖይን፣ ግላይኮሊክ አሲድ፣ ላክቲክ አሲድ፣ ለብጉር የሚሰጠው ሳሊስሊክ አሲድ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ክፉ አይደሉም። ለቆዳው የሚጠቅሙት ቅንድቡን በሚጎዱበት በዚያው ባሕርያቸው ነው።

እኛ ጋ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ የሚገባው በማድያት በኩል ነው። ለማድያት የሚታዘዙ አንዳንድ ክሬሞች ሃይድሮኪኖን፣ ትሬቲኖይንና ስቴሮይድ በአንድ ቱቦ የያዙ ናቸው። ማድያት ደግሞ ግንባር ይወዳል። ክሬሙ ከግንባር ወደ ቅንድብ ለመሻገር የሚከለክለው ነገር የለም። ሴትየዋ "ቅንድቤ በስድስት ወሩ ጠፋ" ትላለች፣ ባለሙያዋ "ቆዳሽ አይዝም" ትላለች፣ ክሬሙን የሚያነሳ የለም። ሐኪም ያዘዘውን አታቋርጡ። ከቅንድቡ ዙሪያ የአንድ ጣት ስፋት ብቻ ተዉለት። ማታ ክሬሙን ከመቀባታችሁ በፊት ቅንድቡ ላይ ስስ ቫዝሊን ማሳረፍም ይረዳል፤ አሁን ድኗልና ቫዝሊኑ ችግር የለውም። ስሙ የማይነበብ፣ በፕላስቲክ ዕቃ ተገልብጦ የሚሸጥ "ማቅያ" ክሬም የምትቀባ ካለች ግን ችግሯ ከቅንድብ በላይ ነው፣ እሱ ራሱን የቻለ ርዕስ ይሆናል።

ሎሚ በስኳር፣ የቡና አተላ፣ ሸካራ የፊት መፋቂያ፣ እነዚህም በዚያው መንገድ ይሠራሉ። ከቅንድብ በታች ቢቀሩ ጥሩ ነው። የመዋኛ ገንዳ ክሎሪንም አዘውትሮ ሲሆን ያደርቃል።

ሌዘር ግን ለብቻው ይነገር። ፀጉር ለማስነሳት ወይም ለቆዳ ጥራት ሌዘርም ሆነ አይፒኤል (በኃይለኛ የብርሃን ብልጭታ የሚሠራው) የምትሠሩ ከሆነ፣ ቅንድቡና ከንፈሩ ላይ ቀለም እንዳለ ሳትናገሩ አልጋው ላይ አትውጡ። ብርሃኑ ቀለም ፈልጎ የሚመታ ነው፣ ቀለማችሁንም ያገኘዋል። ሊያቃጥል ይችላል፤ የባሰው ደግሞ ቡናማውን ወይም ፈዛዛውን ቀለም በቅጽበት ሊያጠቁረው ይችላል። የብረት ኦክሳይድና ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በሌዘር ሲመቱ ኬሚካላዊ ለውጥ ስለሚያደርጉ ነው። ኤምአርአይ ስትነሱም ንገሯቸው። አልፎ አልፎ ብረት ያለበት ቀለም ቦታው ላይ የመሞቅ ወይም የማበጥ ስሜት ያመጣል። ምርመራውን የሚያስቀር ነገር አይደለም።

መቼ ይታደስ?

እዚህ ላይ ከብዙ ሳሎኖች ጋር አልስማማም። "በየዓመቱ አድሺ" የሚል ሕግ የለም። ቀኑ ደረሰ ተብሎ አይታደስም፤ ደብዝዞ ሲታይ ነው። ከገባው ቀለም ግማሽ ገደማው ሲቀር፣ ቅርጹ ገና እየታየ፣ ያ ጥሩ ሰዓት ነው። ባለሙያዋ ያለውን ተከትላ ታድሳለች፣ ቆዳውም ብዙ አይወጋም። ቀለሙ ደህና ሆኖ ሳለ በላዩ ላይ መጨመር ግን ትርፉ ቀለም ማከማቸት ነው። አሮጌው አልወጣም፣ አዲሱ ተደረበ። ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም ቅንድቡ ጥቅጥቅ ብሎ እንደ ማርከር ይሆናል፤ ቆዳውም ይሻክራል። የሻከረ ቆዳ ደግሞ አዲስ ቀለም እኩል አይቀበልም። ቁስላቸው እያበጠ የሚድን፣ ኬሎይድ ያለባቸው ሰዎች ለዚህ ይበልጥ መጠንቀቅ አለባቸው። እንዲያውም ከመጀመሪያው ጀምሮ ሐኪም ቢያዩ ነው የሚሻለው።

አሮጌው ግራጫ ወይም ቀይ ከሆነ ባለሙያዋ በተቃራኒ ቀለም ልታርመው ትችላለች። ግራጫው በሞቀ፣ ወደ ብርቱካን ባደላ ቀለም ይታረማል። ቀዩ ደግሞ ወይራ አረንጓዴ ባለበት ቡናማ ይታረማል። ቅርጹ ራሱ ከተበላሸ ግን በላዩ ላይ መሸፈን ነገ ሌላ ችግር ነው፤ መጀመሪያ ማደብዘዝ ይቀድማል። ለጠይም ቆዳ ከመጀመሪያው ሞቅ ያለ ቡናማ ቢመረጥ ይሻላል። ቀዝቃዛ ቡናማ በኛ ቆዳ ላይ ቶሎ ወደ ግራጫ ያጋድላል።

ሙሽሮች ሁሌም የሚሳሳቱት ቀን ላይ ነው። የጥር ሙሽራ በታኅሣሥ መጨረሻ ሮጣ ሳሎን ብትገባ ሠርጓ ላይ ቅርፊት ይዛ ትቆማለች። በጥቅምት መጀመሪያ ተሠርታ፣ በኅዳር መጨረሻ "ታች አፕ" አድርጋ ብትጨርስ ጥር ላይ ቀለሙ ረግቶ ይጠብቃታል።

ለዕረፍት አገር ቤት መጥታ ተሠርታ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ፍራንክፈርት ወይም ወደ ቴል አቪቭ የምትመለስም ተመሳሳይ ጣጣ አለባት። ሦስት ሳምንት ብቻ ስለምትቆይ "ታች አፑ" እዚያ ነው የሚሆነው። እዚያ ያለችው ባለሙያ ደግሞ የሌላ ሰው ሥራ መንካት አትወድም፣ ምን ቀለም እንደገባ ስለማታውቅ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2022 (እ.ኤ.አ.) መግቢያ ጀምሮ በንቅሳትና በቋሚ ሜካፕ ቀለሞች ውስጥ የሚገኙ በሺዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎችን ስለገደበ፣ አዲስ አበባ የገባላት ቀለም እንደ ፍራንክፈርት ባለ የኅብረቱ ከተማ ላይገኝም ይችላል። ስለዚህ ከወንበሩ ከመነሳቷ በፊት የቀለሙን ጠርሙስ በስልኳ ፎቶ ታንሳ፦ የድርጅቱ ስም፣ የቀለሙ ቁጥር፣ ከሥር የተጻፈው የምርት ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን በደንብ እንዲነበብ አድርጋ። ባለሙያዋ ጠርሙሱን ማሳየት ካልፈለገች ቀለሙ ከመግባቱ በፊት ነው መታወቅ ያለበት፤ ስለዚህ ጥያቄው የሚጠየቀው ስትገቡ እንጂ ስትወጡ አይደለም።